ለፈቃድ እድሳት ሲመጡ ምን ያያሉ?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ 14 ሕፃናት የሚውሉበት ማቆያ አለኝ። ትንሹ የ5 ወር፣ ትልቁ የ3 ዓመት ነው። በዚህ ወር ለፈቃድ እድሳት ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ግድግዳውን አስቀብቻለሁ፣ መጫወቻም ገዝቻለሁ። የመኝታ ክፍሉን በከሰል ነው የምናሞቀው። ምን ይቀረኛል?
የማቆያ ባለቤት

መልስ፦ እህታችን፣ ቀለሙና መጫወቻው ይቆይና ከሰሉን ዛሬውኑ ያውጡት። የማርቆስ ብርድ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲቀር እንኳ መውጣቱን አያቆምም። ሕፃን ደግሞ «ራሴን አመመኝ» አይልም፤ ሲመረዝ የተኛ ነው የሚመስለው። በብርድ ልብስና በጋቢ ከመጠቅለል ልብስ ይደርቡለት፤ ጋቢ ፊት ላይ ከወጣ ያፍናል። ዓመት ያልሞላው በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ፣ ያለ ትራስ ይተኛ።

ጥሩ ተቆጣጣሪ ከሚጠይቀው የሚያየው ይበልጣል። ዳይፐር የቀየረችው ሞግዚት እጇን ሳትታጠብ ጡጦ ካነሳች የተቀባው ግድግዳ አያድናችሁም። ሳሙናና የሚወርድ ውኃ ከመቀየሪያው አጠገብ ይሁን፤ ውኃ ለሚጠፋበት ቀን ቧንቧ ያለው ባልዲ ያስቀምጡ። መጫወቻ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ቆሻሻ የበረኪናን ኃይል ይሰብራልና። ከዚያ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና 10 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውኃ በጥብጠው ይንከሩት፣ በንጹሕ ውኃም ያለቅልቁት። ብጥብጡ ለማግስቱ አይደር።

የሰው ኃይል ጉድለት ጎልቶ የሚታየው በምሳ ሰዓት ነው፤ አንዷ ወጥ ቤት፣ አንዷ ምሳ ስትወጣ ሕፃናቱ ብቻቸውን ይቀራሉ። ለጨቅላዎቹ አንዲት ሞግዚት ከ3 ወይም ከ4 በላይ ባትይዝ ይሻላል፤ የምሳ ተራውንም ጽፈው ይለጥፉ።

ከወረቀት፦ የመግቢያና መውጫ ሰዓት፣ ልጁን መውሰድ የሚችሉ ሰዎች ስም፣ የሞግዚቶች የጤና ምርመራ፣ የክትባት ካርድ ቅጂ (ኩፍኝ በ9 እና በ15 ወር መሰጠቱን ይዩ)። የሦስት ወር መዝገብ ግን በአንድ ምሽት አይሙሉ፤ ያው እስክሪብቶ፣ ያው የእጅ ጽሑፍ ያሳብቃል። ከዛሬ የጀመረ እውነተኛ መዝገብ ይሻላል።

ተቆጣጣሪዎቹ ጉድለት ካገኙ እርስዎ ማስተካከያውን ከነቀነ ገደቡ በጽሑፍ ይጠይቁና ቅጂውን ያስቀሩ።