ያለቀለት ስቴት፣ ያላለቀለት ሴናተር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ አሜሪካ ሴኔት ምርጫ ትንሽ ነካክተን ነበርና ጥያቄው ጎረፈ። "ነባሩ ሴናተር ድሮም ሊያሸንፍ ምን ያደክማል?" ያላችሁ በጣም በዝታችኋል፣ ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ሁሉ አቆይተን እሱን ብቻ እናውራ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው፣ ኋላ እንዳትወቅሱን።)

"ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ሲትዝን ከሆንኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። እዚህ ዲሞክራት እንደሚያሸንፍ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ታዲያ ሴናተሩ በድጋሚ ሲወዳደር እኔ ከሥራ ወጥቼ ተሰልፌ ብመርጥ ባልመርጥ ምን ይለወጣል? ባለቤቴ ግዴታሽ ነው ይለኛል፣ እኔ ግን ድካም ብቻ ነው የሚመስለኝ።"

እህቴ፣ ስለ ኖቬምበሩ ዋና ምርጫ ከሆነ እውነትሽን ነው። ሜሪላንድ ለመጨረሻ ጊዜ ሪፐብሊካን ሴናተር የመረጠችው በ1980 ነው። በ2024 ላሪ ሆጋን፣ ሁለት ጊዜ ገዥ የነበረው፣ ብዙ ዲሞክራቶች ሳይቀሩ የሚወዱት ሰውዬ፣ እሱ እንኳን ሞክሮት በአንጄላ ኦልስብሩክስ ከ10 የመቶኛ ነጥብ በላይ ተበልጦ ተሸነፈ። እሱ ያልቻለውን ሌላ ሪፐብሊካን ይችለዋል ማለት ይከብዳል።

ግን አንድ ነገር አምልጦሻል፣ ያለቀለት ወንበሩ ነው እንጂ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ አይደለም። ወንበሩ የፓርቲው ነው። ሰውየው እንቅልፍ የሚያጣው በሌላኛው ፓርቲ ሳይሆን ከራሱ ፓርቲ በሚነሳበት ተፎካካሪ ነው፣ ያ ደግሞ የሚለየው በፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው ለኖቬምበር የሚያቀርበው ዕጩ በሚመረጥበት ቅድመ ምርጫ ነው፣ በፕራይመሪ ደግሞ የሚመርጠው ሰው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ አንድ ድምፅ ኖቬምበር ላይ ካላት ክብደት እዚያ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች።

ሃዋይን እይልኝ። ከሃዋይ በላይ ዲሞክራት የሆነ ስቴት ብዙ የለም። በ2012 መጨረሻ አንጋፋው ሴናተር ዳንኤል ኢኖዌ ሲሞቱ በቦታቸው ኮሊን ሀናቡሳ እንድትተካ ተናዘው ነበር፣ ገዥው ግን ኑዛዜውን ትቶ ምክትሉን ብራያን ሻትስን ሾመ። በ2014 ሁለቱ ዲሞክራቶች በፕራይመሪ ተገናኙ። ምርጫው ሊደርስ ሲል አውሎ ነፋስ መጥቶ ፑና የሚባለው አካባቢ መንገዱ ስለተዘጋ የሁለት ጣቢያዎች ምርጫ ለሌላ ቀን ተላለፈ፣ ስቴቱ በሙሉ ቁጭ ብሎ የሁለት ጣቢያ ሰው ጠበቀ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ሻትስ 1,800 በማይሞላ ድምፅ አለፈ። ይሄ እኮ ለአሜሪካ ሴኔት ነው! ኖቬምበር ላይ ያለ ምንም ችግር ገባ፣ ያንን ማንም አያስታውሰውም።

ማሳቹሴትስም በ2020 እንደዚያው ነው። ኤድ ማርኪ ከ1976 ጀምሮ ኮንግረስ ውስጥ የኖረ ሽማግሌ ነው፣ የመጣበት ደግሞ ወጣቱ ጆ ኬኔዲ። ከታዋቂው የኬኔዲ ቤተሰብ የሆነ ሰው ማሳቹሴትስ ላይ ተሸንፎ አያውቅም ነበር፣ መጀመሪያ አካባቢ ማርኪ አበቃለት ተብሎ ነበር። ሽማግሌው ግን የአየር ንብረት ጉዳይን ይዞ ወጣቶቹን ሰበሰበ፣ ጭራሽ በጫማው ፎቶ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ዝነኛ ሆነና በ10 ነጥብ ገደማ አሸነፈ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ሜሪላንድ ፕራይመሪዋ ዝግ ነው፣ ዲሞክራት ሆኖ ያልተመዘገበ ሰው የዲሞክራቶቹን ሴናተር አይመርጥም። የኛ ሰው ስንመዘገብ "የምን ፓርቲ፣ ይቅርብኝ" ብለን የሌለበት የሚለውን ሳጥን ነው ምልክት የምናደርገው። ፓርቲ የሚለው ቃል ያስደነግጠናል፣ መቼም ምክንያቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። እዚያ ግን ስብሰባ የለም፣ መዋጮ የለም፣ መዝገብ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ቃል ናት በቃ። ስለዚህ ምዝገባሽ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ዛሬውኑ እይው፣ መቀየር ከፈለግሽ ቀነ ገደብ ስላለው ፕራይመሪው ሳይደርስ ቀይሪው። ከዚያ ኖቬምበር ላይ ብትቀሪም እኔ አልከስሽም። ለባለቤትሽ ግን ይሄን እንዳትነግሪው።

"ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 67 ነው፣ የምኖርበትን ስቴት ባልናገር እመርጣለሁ። ሴናተራችን ብቅ የሚለው በየስድስት ዓመቱ የምርጫ ሰሞን ብቻ ነው፣ ዲቤት (የዕጩዎች ክርክር) ግባ ሲባል ደግሞ እምቢ ይላል። ይህ ሕጋዊ ነው? ሰውስ እንዴት ዝም ይለዋል?"

አባታችን፣ ሕጋዊ ነው። ሕገ መንግሥቱ ለሴናተር የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፣ 30 ዓመት የሞላው፣ ቢያንስ 9 ዓመት ዜጋ የሆነ፣ ሲመረጥ የስቴቱ ነዋሪ የሆነ። በዓመት ስንት ቀን እዚያ ይደር የሚል የለም፣ ዲቤት ይግባም የሚል የለም።

ሰው ግን ሁሌ ዝም አይልም። ሪፐብሊካኑ ሪቻርድ ሉጋር ኢንዲያናን ለ36 ዓመት የወከሉ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ በኒውክሌር ጦር መሣሪያ ቅነሳ ስማቸው ዓለም ላይ የታወቀ። ኢንዲያና የነበራቸውን ቤት የሸጡት በ1977 ነው፣ ለመራጭነት የተመዘገቡት ግን በዚያው በተሸጠው ቤት አድራሻ ነበር! በ2012 ይሄ ወጣና ጉድ ተባለ፣ የአካባቢው ምርጫ ቦርድም እዚያ መምረጥ አይችሉም አላቸው። በፕራይመሪ በሪቻርድ ሙርዶክ በሰፊው ተሸነፉ። ቤቱ ብቻ ነው የጣላቸው አልልም፣ ከኦባማ ጋር ተግባብቶ ይሠራል ተብለውም ተጠልተዋል፣ ግን "ይሄ ሰውዬ የኛ አይደለም" ለሚል ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

እና ዲቤት ለምን ይሸሻሉ ላሉት፣ መልሱ እዚያው ታሪክ ላይ አለ። ሙርዶክ ፕራይመሪውን ካሸነፈ በኋላ ወንበሩ የሪፐብሊካን ስለሆነ ሊገባ የሚችል ይመስል ነበር፣ ኦክቶበር ላይ ግን ዲቤት ላይ ቆሞ በአስገድዶ መድፈር የሚመጣ እርግዝናም እግዚአብሔር ያሰበው ነው የሚል ነገር ተናገረ። በቃ። ኖቬምበር ላይ ዲሞክራቱ ጆ ዶኔሊ ገባ። እየመራ ያለ ሰው ዲቤት ገብቶ የሚያተርፈው የለም፣ የሚጥለው ግን አለ፣ ደግሞም ማንም የማያውቀውን ተፎካካሪ ከጎኑ አቁሞ በነፃ ያስተዋውቀዋል። እኔ በግሌ ፈሪነት ነው የምለው፣ ስሌቱ ግን ስህተት አይደለም።

"እኔ የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው፣ በ2020 ኬንታኪ ላይ ሪፐብሊካኑን ሴናተር ማኮኔልን ለመጣል 50 ዶላር ላኩኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ በቴክስት ሞተ። ብሬ የት ገባ?"

ወንድሜ፣ ብርህ ቴሌቪዥን ላይ ማስታወቂያ ሆኖ አለቀ። የማኮኔል ተፎካካሪ የነበረችው ዲሞክራቷ ኤሚ ማግራዝ በዚያ ውድድር የሰበሰበችው ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፣ ማኮኔል ወደ 20 ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት አሸነፈ። ሳውዝ ካሮላይና ላይም ዲሞክራቱ ጄሚ ሃሪሰን ከ130 ሚሊዮን በላይ ሰብስቦ በሪፐብሊካኑ ሴናተር ሊንዚ ግራሃም በ10 ነጥብ ተበለጠ። ሁለቱም ጋ አብዛኛው ብር እንዳንተ ከሩቅ የመጣ ነው፣ የሚወዱትን ለማስገባት ሳይሆን የሚጠሉትን ለመቅጣት የሚላክ ብር። ንዴት ጥሩ ገቢ ያስገኛል፣ ድምፅ ግን አይሆንም፣ ኬንታኪ ያለው ሰውዬ አንተ ስለተናደድክ አይመርጥም።

በአንፃሩ ነብራስካን ተመልከት፣ እኔ ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ እሱ ነው። በ2024 ሪፐብሊካኗ ሴናተር ዴብ ፊሸር በድጋሚ ስትወዳደር ዲሞክራቶቹ ሰው አላቀረቡም። የመጣባት ዳን ኦስቦርን የሚባል መካኒክ ነው፣ በ2021 ኦማሃ ላይ የኬሎግ ሠራተኞችን አድማ የመራ፣ ከስሙ አጠገብ "ዲ" (ዲሞክራት) የሚል ፊደል የሌለበት፣ ከየትኛውም ፓርቲ ያልሆነ ኢንዲፔንደንት። በዚያው ቀን ትራምፕ ስቴቱን በ20 ነጥብ ሲወስደው እሷ ያለፈችው ከ7 በማይሞላ ነው። አሸነፈች፣ አዎ፣ ግን መጨረሻ አካባቢ የፓርቲዋ ሰዎች ለሌላ ስቴት የያዙትን ብር ወደዚያ ማፍሰስ ግድ ሆነባቸው። እንደኔ ከሆነ ያለቀለት ስቴት ውስጥ መታየት ያለበት ማን አሸነፈ ሳይሆን በስንት አሸነፈ የሚለው ነው። ግን ዘዴው ሁሌ ይሠራል እንዳትለኝ፣ በ2014 ካንሳስ ላይም ዲሞክራቱ ለቆ ኢንዲፔንደንቱ ግሬግ ኦርማን ብቻውን ሪፐብሊካኑን ሴናተር ፓት ሮበርትስን ገጥሞ ነበር፣ በ10 ነጥብ ገደማ ተሸነፈ።

ቴክስቱን በተመለከተ ስቶፕ ብለህ መልስላቸው። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይጀምራል፣ እኔም እንዳንተው ነኝ።

"በፕራይመሪ የተሸነፈ ሴናተር በቃው ማለት ነው ወይስ መመለሻ አለው?"

አብዛኞቹ ስቴቶች በፕራይመሪ የወደቀ ሰው ስሙ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ባሎት (የድምፅ መስጫ ወረቀት) ላይ እንዳይወጣ ይከለክላሉ። ኮኔቲከት አልከለከለችም፣ ጆ ሊበርማን በ2006 በፕራይመሪ ወድቆ በራሱ ቆመና አሸነፈ። ከዚያ የሚበልጠው ግን የአላስካዋ ሊሳ ሙርካውስኪ ናት፣ በ2010 በፕራይመሪ ተሸንፋ ስሟ ባሎቱ ላይ ሳይኖር አሸነፈች፣ መራጩ እያንዳንዱ ስሟን በእጁ ጽፎ ማለት ነው። ካምፔይኗ ስፔሊንጉን ሰው እንዲይዝ ስሟ የተጻፈበት የእጅ አምባር ሁሉ ያድል ነበር። ተፎካካሪዋ ጆ ሚለር ደግሞ ፊደል የተሳሳተበት ድምፅ አይቆጠር ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ተረታ፣ የአላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመራጩ ሐሳብ እስከታወቀ ድረስ ትንሽ የፊደል ስህተት ድምፁን አይጥለውም አለ። በኛ ፊደል ቢሆን ኖሮ እንደሰሙት ጽፎ መገላገል ነበር።