ማወፈሪያ ኪኒኑን ከመጀመርሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት፣ ሳስበው አደርኩ። ሌላውም እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። 21 ዓመትሽ ነው። ቁመትሽ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደትሽ 43 ኪሎ። ለምርቃትሽ ሦስት ወር ቀርቶሻል። ዘመድ ጎረቤቱ «ምነው እንዲህ ከሳሽ» እያለ አሳቆሻል፤ እናትሽም የምታፍርብሽ ይመስልሻል። የዶርም ጓደኛሽ ሁለት ዓይነት ኪኒን አምጥታልሽ «በወር ውስጥ ሙልት ትያለሽ» ብላሻለች። ልጀምረው ወይ ነው ያልሽው።

እባክሽ አትጀምሪው። ይህን የምልሽ ከሰው ሰምቼ አይደለም። ያንኑ ኪኒን ሁለት ወር ተኩል ውጬዋለሁ።

ዛሬ 29 ዓመቴ ነው። ያኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ64፣ ክብደቴ 44 ኪሎ። ጂንስ ስለብስ ጭኔ ሞላ እንዲል ከሥሩ ሁለት ታይት እደርብ ነበር። በዚያ ሙቀት! ላቡ ሲበዛ ቆዳዬ ይቆጣል፣ ያሳክከኛል፤ ግን አላወልቅም። የክፍሉ የእንጨት ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ከተቀመጥኩ መቀመጫዬን ያመኛል፤ የሚያርፈው አጥንቱ ነዋ። ሰላም ለማለት ያቀፈችኝ ልጅ «ውይ፣ አጥንትሽ ወጋኝ» ትላለች። «ሽቦ» የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። ለእረፍት ቤት ስሄድ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ይመጣል። እኔን አይጠይቁኝም። እሷን ነው የሚጠይቋት። «ልጅቷን ምን ነካብሽ? ሐኪም አሳይተሻታል?» እናቴ ሲኒውን እያጠበች ዝም ትላለች። እኛ ዘንድ «ከሳ ጠቆረ» የሚባለው ችግር ያገኘው ሰው ነው። የከሳ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ አጥቷል፣ ወይ ሐዘን ላይ ነው። እና የኔ ሰውነት የእናቴ ገበና የሆነ መሰለኝ። ስለ እናትሽ የጻፍሽውን ሳነብ ያ ሲኒ ነው ትዝ ያለኝ።

ኪኒኑን የገዛሁት ሰፈር ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ነው። ማዘዣ አልጠየቁኝም። «ለመወፈር ነው» አልኩ፣ ተሰጠኝ። አንዱ ዴክሳሜታሶን ነው፣ ልጆቹ ዴክሳ የሚሉት። ሌላው ሲፕሮሄፕታዲን። ከጻፍሽው ስም እንዳየሁት ያንቺም እነዚሁ ናቸው።

ሲፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድኃኒት ነው። ሲወስዱት ይርባል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ሲያቆሙት ረሃቡም አብሮ ይሄዳል። ከባዱ ዴክሳሜታሶን ነው። በቦታው ትልቅ መድኃኒት ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ኮቪድ ጸንቶባቸው ኦክስጅን ላይ የነበሩ ሕሙማንን ሞት እንደሚቀንስ የተረጋገጠው እሱ ነው። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን አለ። ዴክሳ የእሱን ሥራ ነው የሚሠራው፣ ግን እጅግ በበረታ ጉልበት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስትውጪው ስብን ወደ ፊት፣ ወደ አንገትና ወደ ሆድ ይሰበስባል። የክንድና የጭን ጡንቻን ደግሞ ያመነምናል። የደም ስኳርና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ሲቆይ አጥንት ያሳሳል። በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማል፤ ተደብቆ የኖረ ቲቢ ቢኖር ሊቀሰቅሰው ይችላል። አየሽ፣ አንቺ ጭንና ዳሌ ፈልገሽ ትውጪዋለሽ፣ እሱ ከዚያው ላይ ይወስዳል።

በሦስተኛው ሳምንት ጉንጬ ሞላ። «አማረብሽ!» ያላለኝ የለም። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። ለሥራ ልምምድ ማመልከቻ ጉርድ ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ አየሁት። ፊቴ ክብ ሆኗል፣ ዓይኔ ጠቧል፣ የማላውቃት ልጅ ነች። ፎቶውን የያዘው እጄ ግን ያው የድሮው ነው። እንዲያውም ሰዓቴ ይበልጥ ላልቶ እስከ ክርኔ ድረስ ይንሸራተት ነበር። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ግን «አማረብሽ» የሚለው ቃል ሱስ ሆኖብኝ ነበር፤ ጨመርኩበት።

ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጀርባዬ ላይ ብጉር ወጣ። ሁለት ወር ተኩል ሲሞላኝ ብር አለቀብኝና ኪኒኑን በአንዴ አቆምኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ቧንቧው ጋ እንደቆምኩ ዞረብኝ። መገጣጠሚያዬ ሁሉ ይቆረጥመኛል፣ ያስመልሰኛል። ወደቅሁ። ዶርም ልጆች ደግፈው ሐኪም ጋ ወሰዱኝ። ሐኪሟ ምን መድኃኒት እንደምወስድ ጠየቀችኝ፣ ምንም አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ፣ ምንም። ሦስተኛ ስትጠይቀኝ አለቀስኩና ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ከኩላሊታችን በላይ ኮርቲሶል የሚሠሩ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ኪኒኑ ከውጭ ሲመጣላቸው ሥራ ይፈታሉ። ኪኒኑ ድንገት ሲቆም ቶሎ አይነቁም። ሰውነቱ ያለ ሆርሞን ይቀራል፣ ይህም ሰው ሊገድል ይችላል። ሐኪሟ ኪኒኑን መልሳ አስጀምራ፣ መጠኑን በየሳምንቱ እየቀነሰች አስቆመችኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር በደንብ ያዢልኝ። ጓደኛሽ እየወሰደችው ከሆነ፣ ወይ አንቺም ሳትነግሪን ጀምረሽው ከሆነ፣ በራሳችሁ በድንገት አታቁሙ። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱና እውነቱን ንገሩ።

አሁን ወደ ክብደትሽ እንምጣ። «ቀጭን ነኝ ወይስ ሰው ነው የሚያጋንነው?» ብለሻል። ሰው ያጋንናል፣ ግን የሰውን ወሬ ትተን ብናሰላውም 43 ኪሎ ላንቺ ቁመት ያንሳል። ክብደትሽን በሜትር በተለካ ቁመትሽ ሁለት ጊዜ ስታካፍዪው 16.8 ይመጣል። ለአዋቂ ሰው ጤናማ የሚባለው ከ18.5 ጀምሮ ነው። ባንቺ ቁመት ከ47 ኪሎ ተኩል እስከ 63 ገደማ ማለት ነው። ስንት ኪሎ እንደጎደለሽ ተመልከቺ። አራት ተኩል። ያን ያህል ሰማይ የሚያስነካ ነገር አይደለም። አገራችን ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከ18.5 በታች ነበሩ። ከአምስት አንዷ በላይ።

ከምግቡ በፊት ግን ለምን እንደከሳሽ ይታወቅ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ቀጭን ከሆንሽ፣ አባትሽም ቀጭን ከሆነ፣ አንድ ነገር ነው። አምና 49 ኪሎ ነበርኩ ካልሽ ግን ሌላ ነው። ሳትፈልጊው በግማሽ ዓመት ወይም በዓመት ውስጥ ከክብደትሽ ከ20 አንድ እጅ ከጠፋ መመርመር አለብሽ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ፣ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ልብና የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የማያቋርጥ ውሃ ጥምና ሽንት፣ ተቅማጥ፣ የወር አበባ መቅረት፣ ካሉሽ አንዱንም ሳትደብቂ ተናገሪ። ቲቢም፣ ከልክ በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢም፣ ስኳርም፣ የአንጀት ጥገኛም ሰው ያከሳል። ጭንቀትም እንደዚያው። እኔ ሰገራ ተመርምሬ ጃርዲያ ተገኘብኝ፤ ደም ማነስም ነበረብኝ። በውስጤ ጃርዲያ እያለ እኔ ዴክሳ እውጥ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ምግብ እንዳትበዪ የሚከለክልሽ ፍርሃት ካለ፣ ወይም በልተሽ ሆን ብለሽ የምታስመልሺ ከሆነ፣ እሱንም ለሐኪም ንገሪ። እሱ በምግብ ምክር አይፈታም።

ጃርዲያው ከታከመ በኋላ ሐኪሟ የምበላውን እንድጽፍ አዘዘችኝ። ሳምንት ጻፍኩ። ከዚያ በፊት «እኔ እኮ እበላለሁ፣ ሰውነቴ ነው እምቢ ያለው» እል ነበር፤ ከልቤ ነበር የምለው። ወረቀቱ ላይ ግን ቁርስ የለም። ምሳ የካፌ ምግብ፣ ግማሹን ትቼው እነሳለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ቡና ባንድ ዳቦ። እራት አንዳንዴ። ቡናው ረሃቡን እያጠፋልኝ ነበር። ጫት የሚቅሙ ጓደኞች ካሉሽ ጫትም እንደዚያው ምግብ እንደሚዘጋ እወቂ።

መንገዱ ቀስ ያለ ነው። በቀን ከምትበዪው ላይ ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መጨመር። ይህ ሌላ ማዕድ አይጠይቅም። አንድ እፍኝ ለውዝ 170 ገደማ አለው። አንድ መካከለኛ አቮካዶ 240 ገደማ። ሽሮ ላይ የምትጨምሪው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120። እኔ የቻልኩት እንዲህ ነው። ጠዋት በሃይላንድ በሶ በማር በጥብጬ ክላስ ይዤ እገባለሁ። ጠዋት የማይርባት ሰው ስለሆንኩ መጠጣት ከመብላት ቀለለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ለውዝና ቆሎ አይጠፋም። ማታ ሁለት እንቁላል ወይ እርጎ። ቤት ስሄድ እናቴ የቡላ ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ አብሽም ነጭ እስኪሆን መትታ በማር ትሰጠኝ ነበር። (አብሽ ለነፍሰ ጡር አይመከርም፣ የስኳር መድኃኒት ለሚወስድም ሐኪም ይጠየቅ።) ሻይና ቡናውን ከምግብ ጋር አላደርገውም፤ አንድ ሰዓት አዘገየዋለሁ። ከምግብ ጋር ሲሆኑ ሰውነት ከእህሉ ብረት እንዳይወስድ ያግዱታል፣ ደም ማነስ ላለበት ይጎዳል።

ለስላሳና ኬክ አትመኚ። ኪሎ ይጨምራል፣ ግን ሆድ ሞልቶ እህሉን ያስተውሻል።

ጾም ሲመጣ እኔ በጣም እፈራ ነበር። 55ቱን ቀን ሁዳዴ እንዴት አድርጌ ነው የማልከሳው እል ነበር። ተልባ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ የለውዝ ቅቤ በዳቦ፣ ሽምብራ፣ አቮካዶ ይዘው ያወጣሉ። እየታከምሽ ከሆነ ግን ሰዓቱን ስለማሳጠር ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ፤ እኔ ስጠይቅ አልተከለከልኩም። ረመዳን የምትጾሚ ከሆንሽም የታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለው ታውቂያለሽ።

ከምግቡ ጋር ቁጭ ብድግ ሥሪ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሦስት ጊዜ። ሲቀልልሽ የአምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተሽ ይዘሽ ሥሪ። ጭንና ዳሌ ከፈለግሽ ጡንቻ ነው የሚሰጥሽ፣ ጡንቻ ደግሞ ካልሠራ አይመጣም።

መመዘን አታብዢ። ግቢ በር ላይ ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ አንድ ትንሽ ልጅ ነበር። መጀመሪያ በየቀኑ እመዘን ነበር። ግማሽ ኪሎ ስትቀንስ ቀኑን ሙሉ ፊቴ ይጠቁራል። ከዚያ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ጠዋት አደረግሁት። ልጁ ቁጥሬን በቃሉ ያዘ። ከሩቅ ሲያየኝ «ባለፈው 46 ከ200 ነበርሽ!» ይላል። 50 የገባሁ ቀን ሳንቲሙን አልቀበልም አለኝ። እዚያ ለመድረስ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ባንቺ ሦስት ወር ውስጥ፣ ጤናሽ ደህና ከሆነ፣ ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ መጨመር ይቻላል። ባይደርስም ጋዋኑ ሰፊ ነው፣ ቀሚስሽን በልክሽ አሰፊው። የሚሰፋሽ ልብስ ነው የባሰ የሚያከሳሽ።

ስለ ሰው አፍ ልንገርሽ። አሁን 54 ኪሎ ነኝ። ባለፈው ወር መሥሪያ ቤት አንዷ «ወፈርሽ እኮ፣ ተጠንቀቂ» አለችኝ። በዚያው ሳምንት አክስቴ «አሁንም አልሞላሽም፣ ምን ይሻልሽ» አለችኝ። ያው 54 ኪሎ ነው ሁለቱም ያዩት። ያኔ ሁለቱንም ለማስደሰት ብነሳ የቱን ኪኒን ልውጥ ነበር? አሁን «ደህና ነኝ፣ ሐኪም አይቶኛል» እላለሁ፣ ወሬውን እቀይራለሁ።

ለእናትሽ ግን እንዲህ አትበዪ። እሷ ፈርታ ነው። እኔ የመጨረሻውን የምርመራ ውጤት ወረቀት ወስጄ ሰጠኋት። ማንበብ ስለማትችል አንድ በአንድ አነበብኩላት። ቲቢ የለም፣ ስኳር የለም፣ እንቅርቱም ደህና ነው። አጣጥፋ ከመታወቂያዋ ጋር አስቀመጠችው። በቀጣዩ ቡና ላይ ጎረቤታችን «ልጅቷ…» ብላ ስትጀምር እናቴ ሳትጨርስላት «ጤነኛ ናት፣ ወረቀቱ እኔ ጋ ነው» አለች።

ሰኞ ጠዋት የግቢያችሁ ክሊኒክ ሂጂ። ጓደኛሽንም አስከትያት። ኪኒኖቹን ከነማሸጊያቸው ያዢ፣ የዚህን ሳምንት የበላሽውንም ጽፈሽ ያዢ። ውጤቱን ስትቀበዪ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።