የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አቋርጠሽ ከዓመታት በኋላ ልትመለሺ ከሆነ፣ መጀመሪያ የተውሽውን ሴሚስተር አጣሪ

ሰላም እህቴ። ሌላም ሰው እንዲጠቀምበት ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። በ2007 ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ አካውንቲንግ ሦስት ሴሚስተር ጨርሰሻል። በአራተኛው፣ መጋቢት 2008 ላይ፣ ወልደሽ ለማንም ሳትናገሪ ወጣሽ። አሁን ጅማ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ትይዣለሽ፣ ባለቤትሽ ማና ወረዳ ላይ ቡና አለው። «ተመልሼ ስማር ማታ ይሻለኛል ወይስ ርቀት?» ነው ያልሽው።

ማታና ርቀቱ ይቆይ። ከጻፍሽው ሁሉ የሚያሳስበው «ለማንም ሳልናገር» የሚለው ነው።

1. የትም ቦታ የምዝገባ ብር ከመክፈልሽ በፊት የድሮ ፋይልሽ ምን እንደሚል እወቂ። የዊዝድሮዋል (ትምህርት በፈቃድ የማቋረጫ) ቅጽ ሳይሞላ የወጣ ተማሪ ስሙ ከክፍል ዝርዝር አይወጣም። ፋይናል ስላልተቀመጠ መምህሩ ኤንጂ (NG፣ ውጤት የለም) ያስገባል፤ ኤንጂው በጊዜው ካልተስተካከለ ኤፍ ይሆናል። ይህ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እዪው፦ 51 ክሬዲት በ2.60 አማካይ ይዘሽ 18 ክሬዲት ኤፍ ሲጨመርበት 1.92 ላይ ትወርጃለሽ። ያኔ ፋይልሽ «በራሷ አቋረጠች» ሳይሆን «በውጤት ተሰናበተች» ሊል ይችላል።

ስለዚህ ሬጅስትራር ስትሄጂ «ትራንስክሪፕት ስጡኝ» ብለሽ አትጀምሪ። የየሴሚስተሩን ግሬድ ሪፖርት ጠይቂ፣ አራተኛው ላይ ምን እንደተጻፈ በዓይንሽ እዪ። የመታወቂያ ቁጥርሽን ሳትይዢ አትሂጂ፤ ከስላሹ በኋላ ያለው 07 የገባሽበት ዓመት ነው፣ የድሮ ፋይል በስም ብቻ ሲፈለግ ቀኑ ይመሻል። ኤንጂ ወይም ኤፍ ካገኘሽ በትምህርት ክፍሉ በኩል እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለሚያየው አካዳሚክ ኮሚሽን ማመልከቻ አስገቢ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የወጣሽበትን ቀን፣ ምክንያቱን፣ የምትጠይቂውን (ሴሚስተሩ እንደ ዊዝድሮዋል እንዲቆጠርና ዳግም ቅበላ እንዲሰጥሽ) ጻፊ። የሆስፒታል ማስረጃና የልጅሽን የልደት ሰርተፊኬት አያይዢ፤ ቀኑ ሴሚስተሩ ውስጥ መውደቁ ነው ክብደት የሚሰጠው። በቃል ለነገርሽው ማንም አይጠየቅልሽም። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይውጣለት፣ ቁጥሩን በቀሪው ኮፒ ላይ አስጽፊ። ሰው እያመላለሱ ማድከም በየቢሮው የተለመደ ነው፣ ልጅ አዝላ የመጣችን እናት «ነገ ነይ» ማለት ግን ነውር ነው። ቁጥር የያዘ ወረቀት ካለሽ ነገሩ ይቀላል።

ብዙ ሰው የሚከስረው ይህን ፈርቶ በአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ብቻ ሌላ ቦታ እንደ አዲስ ሲመዘገብ ነው። ሦስት ሴሚስተር ሙሉ ይጥላል። ኋላ «ኮርስ ይያዝልኝ» ሲል ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይጠየቃል፣ ያ ያልጠራ ፋይል ተመልሶ ይመጣል።

2. ወጪ መጋራት። መደበኛ ተማሪ ሆነሽ በየዓመቱ የፈረምሽው ውል ስላቋረጥሽ አይሰረዝም። ስንት እንዳለብሽ በጽሑፍ አስወጪ፣ ከፍለሽ ደረሰኙን ለክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለብሽ ለሚያሳየው ወረቀት) ያዢ። ሌላ ተቋም የምትገቢ ከሆነ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ ነው የሚሄደው። ማኅተሙ በፖስታው መዝጊያ ላይ ግማሽ ለግማሽ ማረፉን እዚያው ቆመሽ አረጋግጪ፤ እጅሽ ላይ ከተከፈተ ዋጋ የለውም። የወሰድሻቸውን ኮርሶች ዝርዝር ይዘትም አብረሽ ጠይቂ፣ አቻነት የሚታየው በእሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያዝልሽም «ሲ» (C) እና ከዚያ በላይ ያገኘሽበት ነው።

የስም ጉዳይ ጅማ ላይ ብዙ ሰው ያሰናክላል። በቁቤ (በኦሮምኛው የላቲን ፊደል) ጨ በሲ (c)፣ ጠ በኤክስ (x) ይጻፋል፣ አናባቢውም ይደገማል፤ የአስራ ሁለተኛው ሰርተፊኬት ግን በእንግሊዝኛው ልማድ ነው። ጫልቱ የምትባል ልጅ በሁለት ወረቀት ሁለት ሰው ትሆናለች። ፋይዳሽን፣ የስምንተኛ ካርድሽንና ሰርተፊኬቶችሽን ጎን ለጎን አድርገሽ ፊደል በፊደል አስተያዪ። ልዩነት ካለ በፍርድ ቤት የሚስተካከለው አሁን ነው፤ ዲግሪው ከታተመ በኋላ መከራ ነው።

ሥርዓተ ትምህርቱም ያ የምታውቂው አይደለም። አንቺ ስትገቢ ሦስት ዓመት ነበር፣ ከ2012 ወዲህ አራት ሆኗል፤ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶችም ገብተዋል፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂና ግሎባል ትሬንድ የሚባሉት። ስለዚህ «አንድ ዓመት ተኩል ቀረኝ» ብለሽ አታስቢ። የድሮ ደብተርሽንም አትመኚው፤ አዋጅ 847/2006 ከወጣ ወዲህ የፋይናንስ ሪፖርቱ ወደ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች) ሄዷል። የደመወዝ ግብሩን ብቻ ብታዪ፣ አንቺ ስትወጪ ከግብር ነፃው 150 ብር ነበር፣ ከሐምሌ 2008 ጀምሮ 600፣ በ2017ቱ ማሻሻያ ደግሞ 2,000 ብር ሆነ። ሱቅ ላይ ሒሳብ መያዝሽ እዚህ ጋ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ደረሰኝ እንኳ ነክተው አያውቁም።

ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ መደበኛውም፣ የማታውም፣ የርቀቱም ይፈተናል፣ ማለፊያው 50 ነው። በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፣ ማውዝ ከወዲሁ ልመጂ። ኮርስ ባለቀ ቁጥር ማጠቃለያሽን አስቀምጪ፣ መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው የአራት ዓመቱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ማታ ይሻልሻል። ኮስት አካውንቲንግና ኦዲቲንግ ከሞጁል ብቻ ሲነበቡ ይከብዳሉ፣ የሚጠየቅ መምህር ያስፈልጋል። የግል ኮሌጅ ካሰብሽ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን የእውቅና ደብዳቤ አይተሽ ክፈይ። እውቅና የሚሰጠው ለትምህርት መስኩ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ለየብቻ ነው፤ የአዲስ አበባው ካምፓስ ደብዳቤ ለጅማው፣ የመደበኛው ለርቀቱ አይሠራም።

ከቡናው ጋር አስተካክዪው። ክፍያው መስከረምና ጥቅምት ላይ ይመጣል፣ የቡናው ብር ግን ገና ነው። ሚዱም (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተናው) ከቡና ለቀማው ጋር ይጋጫል። በሁለት ጊዜ ለመክፈል ሲመዘገቡ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ደግሞ ከሦስት ኮርስ በላይ አትያዢ።

ሬጅስትራር በምዝገባ ሳምንት አትሂጂ፣ የድሮ ፋይል የሚፈልግልሽ ሰው አታገኚም። አራተኛው ሴሚስተር ስንት ኮርስ ላይ ኤንጂ ወይም ኤፍ እንዳለ ስታውቂ ጻፊልን፣ ማመልከቻውን አብረን እናረቅቀዋለን።