ከመታጠቢያው ሥር ያለውን ጠማማ ቧንቧ ላስለውጠው?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የምንከፍተው መታጠቢያ ቤት አለን። ሰሞኑን ከወር በላይ ተዘግቶ ቆይቶ ስከፍተው የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ አፈነኝ። መቀመጫውን በበረኪና ፈትጌ አጠብኩት፣ ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቴ ደግሞ «ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው ጠማማ ቧንቧ ነው ቆሻሻ የሚያጠራቅመው፣ በቀጥ ያለ አስለውጪው» አለችኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ እባክዎን እንዳያስለውጡት! ጎረቤትዎ ለእርስዎ አስበው እንደተናገሩ አልጠራጠርም፤ ግን ያ ጠማማ ቧንቧ ከተነሳ ዛሬ አልፎ አልፎ የሚመጣው ሽታ ቤተኛ ይሆናል።

መጀመሪያ መፍትሔውን ልንገርዎት። አንድ አንድ ሊትር ውሃ በእጅ መታጠቢያው፣ በሻወሩና በወለሉ ማፍሰሻ ውስጥ ያፍስሱ። የወለሉን በተለይ አይርሱ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። መስኮቱን ከፍተው ጥቂት ይጠብቁ።

ለምን? ቧንቧ ሠራተኞች ሲፎን የሚሉት ይህ እጥፋት የተሠራው ውሃ እንዲቀርበት ነው። እጅዎን ታጥበው ሲጨርሱ የመጨረሻው ውሃ አይወርድም፣ እጥፋቱ ውስጥ ይተኛል። ጥልቀቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከወዲያ በኩል የፍሳሽ መስመሩ ወይም ሴፕቲክ ታንኩ አለ፤ እዚያ ውስጥ የሚብላላው ቆሻሻ የሚፈጥረው ጋዝ በቧንቧው ወደ ላይ ይወጣና ይህች ውሃ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ውሃዋ በር ናት። የእርስዎ መታጠቢያ ቤት ወር ሙሉ ሲዘጋ ቀስ በቀስ ተነነች፣ በሩም ተከፈተ።

የዚህች እጥፋት ታሪክ በጣም ይገርመኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በውሃ የሚታጠብ መጸዳጃ ከእሷ በፊትም ነበር፤ ሰር ጆን ሃሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1596 ስለ ሠራው መጸዳጃ ጽፏል፣ ለንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥም አንድ ተሠርቶላት ነበር። ከሥሩ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ ነበረው፣ የታጠፈ ቧንቧ ግን አልነበረውም። እጥፋቷን የያዘው መጸዳጃ የፈጠራ መብት ያገኘው ከ179 ዓመት በኋላ በ1775 ነው፤ ባለቤቱም ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረ አሌክሳንደር ካሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነበር። ብዙ ሰው የመጸዳጃ ፈጣሪ ቶማስ ክራፐር ነው ሲል ይሰማል፤ እሱ ግን ገና የተወለደው በ1836 ነው። በእኔ እምነት መጸዳጃን ከጓሮ ወደ መኝታ ቤት አጠገብ ያመጣው ያ የሚያብረቀርቀው ሸክላ አይደለም፣ ይህች የተጠማዘዘች ቧንቧና በውስጧ የምትቀረው እፍኝ ውሃ ናት።

ካሚንግ የተጠቀመበት እንደ እንግሊዝኛው «ኤስ» ፊደል የተጠማዘዘ ዓይነት አንድ ድክመት አለው። ብዙ ውሃ በአንዴ ሲወርድ እጥፋቷ ውስጥ መቅረት ያለበትን ውሃ ጭምር ስቦት ይሄዳል። በኋላ የመጣው መፍትሔ የፍሳሽ መስመሩን በቧንቧ እስከ ጣሪያ ድረስ ማስተንፈስ ሆነ። ጣሪያ ላይ ብቅ ብሎ የሚታየው አፉ ክፍት ቧንቧ ለዚህ ነው። ውሃው ወርዶ ሲያልቅ «ጉልጉል» የሚል ድምፅ ከሰሙ መስመሩ አየር አጥሮታል ማለት ነው፣ ያኔ ባለሙያ ይጥሩ።

ነገሩ የሽታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጨቀጭቅዎትም ነበር። በ2003 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሞይ ጋርደንስ በሚባል የመኖሪያ ሕንፃዎች ስብስብ ከ300 በላይ ሰዎችን ሳርስ የሚባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ያዛቸው። የተደረገው ምርመራ ከደረሰባቸው ነገሮች አንዱ የመታጠቢያ ቤት ወለል ሲፎኖች መድረቃቸው ነበር። ነዋሪዎቹ ወለሉን ይወለውሉ ነበር እንጂ ውሃ አፍስሰው አያጥቡም፣ ስለዚህ ማፍሰሻው ውሃ አያገኝም። አየር ማውጫው ማራገቢያ ሲከፈት ደግሞ ቫይረስ ያዘሉ ጥቃቅን ጠብታዎችን ከፍሳሽ ቧንቧው በደረቀው ሲፎን በኩል እየሳበ ወደ ቤት ያስገባ ነበር። ንጹሕ የሚመስል፣ በደንብ የተወለወለ ወለል ነበር እኮ! ይህን ካነበብኩ ወዲህ ወለል በወለወልኩ ቁጥር የተረፈውን ንጹሕ ውሃ ማፍሰሻው ውስጥ ሳልጨምር አልወጣም።

ጎረቤትዎ ስለ ቆሻሻው ያሉት ግን ልክ ነው፣ ይጠራቀማል። ለዚህ ቧንቧውን መለወጥ አያስፈልግም። ባልዲ ከሥሩ ያስቀምጡና የሲፎኑን ማጥበቂያ ቀለበት በእጅዎ ይፍቱት። የፀጉርና የሳሙና ጥቁር ዝቃጭ ያገኛሉ። አጥበው ሲመልሱት ጎማው በቦታው መቀመጡን ይዩ፣ ከዚያ ውሃ ያፍስሱበት። ለረጅም ጊዜ የሚዘጉት ከሆነ ውሃው ላይ ትንሽ የምግብ ዘይት ጠብ ያድርጉበት፣ ላዩ ላይ ተንሳፎ ትነቱን ያዘገየዋል። ይህን ሁሉ አድርገው ሽታው ከቀጠለ ሲፎኑ ተሰንጥቆ ወይም መቀመጫው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ላልቶ ሊሆን ስለሚችል እሱን ያስፈትሹ።