ሁለት ዳታቤዝ በአንድ የጃንጎ ፕሮጀክት፦ ግንኙነቱ እያለ «ሠንጠረዡ የለም» ሲል

ጥያቄ፦ በጃንጎ (በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ) የትዕዛዝ መቀበያ ሲስተም እየሠራሁ ነው። ትዕዛዞቹ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ ይቀመጣሉ። የደንበኞች መረጃ ግን ሌላ የቆየ ፕሮግራም በሚጠቀምበት ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ላይ ነው። ሁለቱንም ሴቲንግስ (የፕሮጀክቱ ማስተካከያ ፋይል) ውስጥ አስገብቻለሁ። ደንበኞቹን ስጠራ ግን «ሠንጠረዡ የለም» ይለኛል። ደግሞስ ከትዕዛዙ ወደ ደንበኛው ፎሬን ኪይ (የአንዱን ሠንጠረዥ ረድፍ ከሌላው ረድፍ ጋር የሚያያይዝ ማሰሪያ) ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ፓስወርዱን ደጋግመው አይፈትሹ፤ ችግሩ እዚያ አይደለም። «የለም» ያለዎት ፖስትግሬስ ነው፤ እውነቱንም ነው፣ እሱ ጋ የደንበኞች ሠንጠረዥ የለም። ሴቲንግስ ላይ ሁለተኛ ዳታቤዝ ሲጽፉ ጃንጎ መኖሩን ብቻ ነው የሚያውቀው። የትኛው ሞዴል (ሠንጠረዥን የሚወክል ክላስ) የት እንደሚቀመጥ እስካልነገሩት ድረስ ሁሉንም «ዲፎልት» በተባለው ዳታቤዝ፣ እርስዎ ጋ ፖስትግሬስ ላይ፣ ይፈልጋል።

ለማረጋገጥ የጃንጎን ሼል (ኮድ መሞከሪያ) ከፍተው በ«ዩዚንግ» የቆየውን ዳታቤዝ ስም ይስጡና ደንበኞቹን ይጥሩ። ከመጡ የጎደለዎት ራውተር ብቻ ነው።

ራውተር ትንሽ ክላስ ነው። ሞዴሉ ያለበትን አፕ (የፕሮጀክቱ ክፍል) ስም ያያል፤ የደንበኞች ከሆነ የቆየውን ዳታቤዝ ስም ይመልሳል፣ ካልሆነ ዝም ብሎ ያልፋል። ይህን ለንባብም ለጽሑፍም ያድርጉት። ለንባብ ብቻ ካደረጉት፣ አዲስ ደንበኛ ሲፈጠር ፖስትግሬስ ላይ ሊጻፍ ይሞክራል። ክላሱን ጽፈው ሲጨርሱ ሴቲንግስ ውስጥ በራውተሮች ዝርዝር ማስገባት አይርሱ።

ማይግሬሽን (ጃንጎ ሠንጠረዥ የሚፈጥርበትና የሚቀይርበት መንገድ) ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። የሌላ ፕሮግራም ንብረት የሆነ ሠንጠረዥ በእርስዎ ማይግሬሽን መነካት የለበትም። ማይግሬሽን የሚፈቅደው የራውተሩ «አላው ማይግሬት» ለቆየው ዳታቤዝ ሁልጊዜ «ፎልስ» (አይፈቀድም) ይመልስ። ለደንበኞች አፕ ደግሞ ፖስትግሬስ ላይም «ፎልስ» ይሁን። ሞዴሎቹን ካሉት ሠንጠረዦች ሞዴል በሚጽፈው በ«ኢንስፔክትዲቢ» ካወጧቸው፣ ሠንጠረዡን ጃንጎ ያስተዳድር እንደሆነ የሚወስነው «ማኔጅድ» ፎልስ ሆኖ ይመጣል፤ እንዳለ ይተዉት። አንድ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ፦ ራውተሩ ቢከለክልም ጃንጎ ማይግሬሽኑን «ተፈጽሟል» ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ራውተሩን በኋላ ስላስተካከሉ ብቻ የቀረው ሠንጠረዥ አይፈጠርም።

እኔ ብሆን ከዚህም እሄዳለሁ። ለማይኤስኪውኤሉ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ያለው ዩዘር አስከፍታለሁ። ኮዱ ቢሳሳት እንኳ ዳታቤዙ ራሱ እምቢ ይላል።

ፎሬን ኪዩ ግን አይሆንም። ፖስትግሬስ ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ ረድፍ መኖሩን ማረጋገጥ አይችልም፤ ጃንጎም በሁለት ዳታቤዝ መካከል እንዲህ ያለ ዝምድና አይደግፍም። የደንበኛውን መለያ ቁጥር ትዕዛዙ ላይ እንደ ተራ ቁጥር ያስቀምጡ፣ ኢንዴክስም (ፍለጋ የሚያፋጥን ማውጫ) ያድርጉለት። የትዕዛዝ ዝርዝር ሲያሳዩ ለእያንዳንዱ ረድፍ ደንበኛውን አይጠይቁ፤ ገጹ ይንቀራፈፋል። ቁጥሮቹን ሰብስበው በ«ኢን በልክ» በአንድ ጊዜ ያምጧቸው። ደንበኛው በዚያኛው ፕሮግራም ተሰርዞ ሊሆን ስለሚችል ስሙን ትዕዛዙ ሲገባ አብረው ይቅዱት።

ወደፊት የመጻፍ ፈቃድ አግኝተው ሁለቱም ላይ የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ «አቶሚክ» (ስህተት ሲፈጠር የተጻፈውን ሁሉ የሚመልሰው የጃንጎ መከላከያ) አያዘናጋዎት። የዳታቤዝ ስም ካልሰጡት የሚጠብቀው ዲፎልቱን ብቻ ነው። መሃል ላይ ስህተት ሲፈጠር የፖስትግሬሱ ይመለሳል፣ የማይኤስኪውኤሉ ግን ተጽፎ ይቀራል። ሁለት አቶሚክ ቢደራርቡ እንኳ አንዱ ጸድቆ ሌላው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ትዕዛዙን «ይላካል» በሚል ምልክት ያስቀምጡ። ወደ ሌላው የሚጽፈው ሥራ ለብቻው ይሂድ፤ ካልተሳካም ምልክቱን አይቶ እንደገና ይሞክር።