ዕቅዱ ሳያልቅ ሥራ ይጀመራል?

ጥያቄ፦ በምግብ ሳይንስ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከገብስ፣ ከአጃ፣ ከሽምብራና ከኦቾሎኒ የሕፃናት ምጥን እያዘጋጀሁ ለመሸጥ አስቤያለሁ፤ ነገር ግን በንግድ ዕቅዱ ውስጥ «የአምስት ዓመት የሽያጭ ትንበያ» የሚለውን ክፍል መሙላት አቅቶኝ ይኸው ስምንት ወር ተቀምጫለሁ። የፕሮፌሰር ሳራስ ሳራስቫቲ ጥናት «ያለ ዕቅድ ጀምሩ» ይላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እንደዚያ አይልም፤ ይሁን እንጂ ስምንት ወር ያስቀመጠዎትን ጉዳይ ከሥሩ ይነካዋል።

የሕንድ ተወላጅ የሆኑት ሳራስቫቲ፣ በኋላ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከመጀመራቸው በፊት፣ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የ1978 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚ የሆኑት የኸርበርት ሳይመን ደቀ መዝሙር ነበሩ። ለዶክትሬት ጥናታቸው 27 የኩባንያ መሥራቾችን እየዞሩ አነጋገሩ፤ ኩባንያዎቹም ከ200 ሚሊዮን እስከ 6.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመቱ ነበሩ። ለሁሉም ስለ አንድ ምናባዊ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚያትት ተመሳሳይ ጽሑፍ ሰጥተው፣ እየወሰኑ ሳሉ የሚያስቡትን ሁሉ ድምፅ አውጥተው እንዲናገሩ በማድረግ ቀዱት። ከእነዚህ አብዛኞቹ የገበያ ጥናቱን ብዙም አላመኑበትም፤ ይልቁንም ቀጥታ ሄደው የመጀመሪያውን ደንበኛ ማግኘትን መረጡ።

ሳራስቫቲ በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ግብን አስቀድሞ ወስኖ በመነሣትና በእጅ ካለው በመነሣት መካከል ያለውን ልዩነት በማእድ ቤት ምሳሌ ያስረዳሉ፦ አንዱ ምግብ አብሳይ የታዘዘውን ዝርዝር ይዞ ይሸምታል፤ ሌላው ጓዳ ገብቶ ያለውን አይቶ ምን እንደሚሠራ ይወስናል። የእርስዎ ጓዳ ባዶ አይደለም። ሙያው አለዎት፤ ወፍጮ ያለው ጎረቤትና ሕፃን ያላት ዘመድም አይጠፉም። ስለዚህ «በአምስት ዓመት ስንት እሸጣለሁ?» የሚለውን ትተው «ምን ያህል ቢጠፋብኝ ቤቴ አይናጋም?» ብለው ይጠይቁ። ለምሳሌ እቁብ ደርሶዎት ከሆነ፣ ከዚያ ላይ ቆርጠው የሚያስቀምጡት፣ ቢጠፋም ቀለብና የቤት ኪራይ የማይነካ ገንዘብ መነሻዎ ይሆናል፤ ይህም ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ ነው፤ ትንበያው ግን ገና ምርቱን ላልቀመሰ ገበያ የሚሞላ ቁጥር በመሆኑ እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ ማንም በትክክል አይሞላውም።

ጥናቱ የተመለከተው የተሳካላቸውን ሰዎች መሆኑን ግን አይርሱ፤ በዚያው መንገድ ሄደው የወደቁት ድምፅ አልተቀዳም። ባንክ ብድር ለመስጠት ትንበያውን ከጠየቀዎትም መሙላትዎ አይቀርም፤ ያኔ ግን ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞችዎ የተነሣ ቁጥር ይኖርዎታል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ኦቾሎኒው ነው። በእርጥበት የተቀመጠ ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ያበቅላል፤ መቁላቱም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። «ቢጠፋ እችለዋለሁ» የሚለው ስሌት ለራስዎ ገንዘብ እንጂ ለሰው ልጅ ጤና አይሠራም። ስለዚህ አንድም ከረጢት ሳይሸጡ ምጥኑን በላቦራቶሪ ያስመርምሩ፣ የብቃት ማረጋገጫውንም ያውጡ፤ እስከዚያው አቅራቢዎን፣ ወፍጮ ቤቱንና ጥቂት እናቶችን ማነጋገር ይችላሉ፤ ይህም በዚህ ሳምንት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።