«ጃኬቱን አሰፋሁት» ስትል ሰፍታ ነው፣ አሰፍታ ነው ወይስ አስፍታ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የባለቤቴን ሁለት አሮጌ ጂንስ ሱሪዎች ቆራርጬ ለትልቁ ልጄ ጃኬት ሰፋሁለት። ቤት ውስጥ ነው፣ በእናቴ ባለ ፔዳል የስፌት መኪና፣ ትንሿን እያጠባሁ ወጡን እያማሰልኩ። ሲለካው ብብቱ ላይ ጠበበው፣ እሱን ተርትሬ በሁለቱም ጎን ቁራጭ ጨመርኩበትና ልክ ሆነ። ደስ ብሎኝ ፎቶውን የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩና «የአቡሽን ጃኬት አሰፋሁት» ብዬ ጻፍኩበት። የባለቤቴ እህት ወዲያው «ሲያምር! የት ነው ያሰፋሽው? ስንት ጠየቁሽ?» አለች። እኔ እኮ ማንም ጋ አልወሰድኩትም! ባለቤቴ ደግሞ ጥፋቱ የአማርኛሽ ነው፣ «ሰፋሁት» ነው የሚባለው ይላል። እውነት ተሳስቻለሁ? ሌላው ደግሞ እናቴ ጂንሱን እያገላበጠች «ድሩ ሰማያዊ ማጉ ነጭ» ስትል ሰማኋት፣ ድርና ማግ ለጋቢና ለነጠላ ብቻ አይደለም እንዴ የሚባለው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እጅሽ ይባረክ፣ ልጅ ታቅፎ ጂንስ መስፋት ቀላል ስራ አይደለም። ወደ ጥያቄሽ ስመጣ አልተሳሳትሽም፣ የባልሽም እህት አልተሳሳተችም፣ አንቺ የጻፍሽው አንድ ነገር ነው እሷ ያነበበችው ሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱም ግን ትክክለኛ አማርኛ ናቸው። ነገሩ ያለው «ሰ» ላይ ነው። ላላ አድርገሽ «አሰፋሁት» ካልሽ ሰፊ አደረግሁት ማለት ነው፣ የሰው ስም የሆነውን አሰፋን እንደምንጠራው። ሰን ጠበቅ አድርገሽ ካልሽው ደግሞ ሌላ ሰው እንዲሰፋው አደረግሁ፣ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት ማለት ነው። በአፍ ብትነግሪያት ኖሮ ስንት ከፈልሽ ብላ አትጠይቅሽም ነበር።

ይሄ ከየት መጣ ካልሽ፣ በግዕዝ ሁለቱ ግሶች ለየብቻ ናቸው፦ በክር የሚሰፋው «ሰፈየ» ነው፣ በስፋት የሚሰፋው ደግሞ «ሰፍሐ»። አማርኛ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ድምፆች ጠፉና ሁለቱም «ሰፋ» ሆነው ቀሩ። ስሞቹ ላይ ግን ልዩነቱ እስከዛሬ አለ፣ አንዱ ስፌት ነው አንዱ ስፋት፣ ማንም አያምታታቸውም። «ሰፊ» ላይ እንደገና ይገናኛሉ፣ «ልብስ ሰፊ» ስንል ፊ ይላላል፣ «ሰፊ ልብስ» ስንል ይጠብቃል፣ እዛ ጋ ግን የቃላቱ ቅደም ተከተል ስለሚነግረን አንቸገርም።

አንድን ነገር በሌላ ሰው ስናሰራ አማርኛ «አስ» ይጨምራል፣ ቆረጠ አስቆረጠ፣ ጠገነ አስጠገነ እያልን። ሰፋም «አስሰፋ» መሆን ነበረበት፣ ሁለቱ ስ ሲገናኙ ተዋሃዱና አንድ ጠበቅ ያለ ሰ ወጣቸው፣ ሰራ የሚለው አሰራ እንደሆነው ማለት ነው፣ ቤት አሰራ ስትይ ሰን እንዴት እንደምትጫኚው አስተውይ። ስፋቱ ግን በራሱ የሚሆን ነገር ስለሆነ «አ» ብቻ ይበቃዋል፣ ደረቀ አደረቀ፣ ጠበበ አጠበበ፣ ሰፋ አሰፋ። ስለዚህ አፋችን ላይ ሁለት ቃል ናቸው፣ ወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ፣ ምክንያቱም ፊደላችን መጥበቅን አያሳይም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አድርገው ነበር፣ መልካም ሀሳብ ነበር እኔ በበኩሌ ቢለመድ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ተከታይ አላገኘም። የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተርና ለስልክ የሚመዘግበው ዩኒኮድም በ2005 እ.ኤ.አ. ለማጥበቂያ ምልክት ቦታ ሰጥቷል፣ ስልኩ ላይ ፈልጎ የሚጠቀምበት ሰው ግን እምብዛም የለም። አንዳንዱ «አስሰፋሁ» ብዬ ልጻፍ ይላል፣ እኔ አልመክርም፣ አይን አልለመደውምና አንባቢው ስህተት ነው ብሎ ያልፈዋል።

ደግነቱ ምልክትም አያስፈልግሽም። ግሱን ትንሽ ዞር ካደረግሽው ፊደሉ ራሱ ይለይልሻል፣ ብዙ ሰው ግን ይሄን ልብ አይለውም። ሰፊ ካደረግሽው «አስፍቼዋለሁ» ነው፣ ሰው ጋ ወስደሽ ከሆነ «አሰፍቼዋለሁ»፣ ስ እና ሰ ተለያዩ አይደል? ማስፋት ሰፊ ማድረግ ነው፣ ማሰፋት ልብስ ሰፊ ጋ መስጠት። እናትሽ «ብብቱን አስፊው» ካለችሽ መቀስሽን አንሺ ማለቷ ነው፣ «አሰፊው» ካለችሽ ግን ሰፈር ውስጥ ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂው እያለችሽ ነው። የማሰፊያ ብር የምንለውም ለሰፊው የሚከፈለውን ነው። ስለዚህ ያን ቀን «ከጎኑ አስፍቼዋለሁ» ብለሽ ጽፈሽ ቢሆን ማንም ዋጋ አይጠይቅሽም ነበር።

ባለቤትሽ «ሰፋሁት» ያለው ለጃኬቱ በሙሉ ከሆነ ልክ ነው፣ ቆርጠሽ ገጣጥመሽ ጃኬት ያደረግሽው አንቺ ነሽና። ፎቶውን የለጠፍሽው ግን ከጎኑ ቁራጭ ከጨመርሽ በኋላ ነው፣ ልትናገሪ የፈለግሽውም ስለማስፋቱ ነው፣ ለሱ «ሰፋሁት» አይተካሽም። ሁለቱንም በአንዴ መናገር ከፈለግሽ «ራሴ ሰፍቼ ሲጠበው ደግሞ አስፍቼዋለሁ» በይ፣ ረዘም ቢልም ልፋትሽ ሳይቀነስ ይነገራል፣ ልፋት ደግሞ በስሙ ሲጠራ ነው ደስ የሚለው።

በነገራችን ላይ አንቺው ጥያቄሽ ውስጥ ሌላ እንዲህ ያለ ቃል አስገብተሻል። «ትንሿን እያጠባሁ» ብለሻል፣ ግልጽ ነው፣ ምክንያቱም ልብሱን ቢሆን ኖሮ «እያጠበብኩ» ትይ ነበር። አንድ ሰው ግን ስላንቺ «ታጠባለች» ብሎ ቢጽፍ ልጅሽን ይሁን ጃኬቱን አይታወቅም፣ የልብሱ ባ ይጠብቃል የልጅቷ ይላላል። እዚህ ጋ መፍትሄው የፊደል ነው፣ ለልብሱ ሁለቱንም ብ አውጥቶ «ታጠብባለች» ብሎ መጻፍ። ማጥበብና ማጥባት ግን አይምታቱም።

ድርና ማግን በተመለከተ እናትሽ ትክክል ናቸው። ድር ሸማኔው አስቀድሞ በቁመት የሚዘረጋው ክር ነው፣ ማግ ደግሞ በመወርወሪያ ወዲያና ወዲህ የሚገባው፣ ጨርቁ ጋቢ ሆነ ሱሪ ለውጥ የለውም፣ የተሸመነ ነገር ሁሉ ድርና ማግ አለው። ጂንስ ላይ እንደውም ከጋቢ ይልቅ በአይን ይታያል። ድሩ ኢንዲጎ በሚባል ሰማያዊ ቀለም የተነከረ ነው፣ ማጉ ሳይነከር ነጩን ነው የሚገባው፣ አሸማመኑ ደግሞ ሰያፍ ስለሆነ ድሩ በብዛት ወደ ላይ ይወጣል ማጉ ወደ ውስጥ ይቀራል፣ ለዛ ነው ላዩ ሰማያዊ ሆኖ ስትገለብጪው የሚነጣው። የቁራጩን ጠርዝ በመርፌ ጫፍ ፈልቀቅ አድርጊና ክሮቹን አንድ በአንድ ሳቢያቸው፣ ሰማያዊ የወጣው ድር ነው ነጭ የወጣው ማግ። ሰማያዊውን ክር ደግሞ በጥፍርሽ ብትፍቂው መሀሉ ነጣ ብሎ ታገኚዋለሽ፣ ኢንዲጎ ላይ ላዩን ነው የሚይዘው እንጂ እስከ ክሩ ልብ አይዘልቅም። ጂንስ ጉልበቱ ላይ የሚነጣው ለዚህ ነው፣ ስፌት ውስጥ ታጥፎ የኖረው ግን ስላልተፈተገ ጥቁር ሰማያዊ እንደሆነ ይቆያል፣ አሮጌ ሱሪ ስትተረትሪም ያ ጥቁሩ መስመር ብቅ ይላል። የጨመርሽው ቁራጭ ላይም ይኖራል፣ አታስለቅቂው፣ ያምራል።

እናትሽ እንዲህ አይነት ቃል የሚያውቁ ከሆነ ሌሎቹንም ጠይቂያቸውና ጻፊልኝ። መሶብና ሰፌድም «ይሰፋል» ነው የሚባለው፣ የሚሰፋበት ወስፌ ራሱ ከዚሁ ከስፌት ግስ የመጣ ነው፣ በግዕዝ መስፌ ይባላል። የኮሌታው ስር ድርብርብ ሆኖ መርፌ አልገባ ካለሽ በእናትሽ ወስፌ ቀዳዳውን አስቀድመሽ ክፈችለት፣ የብረቱ ቁልፍም በሱ ቀዳዳ ይገባል።

ለሚቀጥለው ጃኬት ደግሞ እጅጌውን ስትቆርጪ ሰማያዊው ክር ከትከሻ ወደ አንጓ በቁመት ይሂድ፣ ሰያፍ ከሆነ እጅጌው ሲለበስ ይጣመማል። ጨርቁ አዲስ ከሆነ ሳትቆርጪው እጠቢው፣ አለዚያ ከሰፋሽው በኋላ ይሰበሰብና እንደገና ማስፋት ይመጣል።